የአሻግሬ ቅስት ሁለት ፊት

የደባርቅ ሰው «የአሻግሬ ሞያ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ መላሹ ዕድሜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ብራና ፋቂ ነው ይላሉ፤ ጎልማሶቹ ቀንድ ጠራቢ፤ ልጆቹ የመኪና ሠዓሊ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ጎደሎ ነው። ሰውን በአንድ ሞያ ማሰር የምንወደው ለእሱ አዝነን ሳይሆን ስንጠራው እንዲቀለን ነው መሰል።

አሻግሬ በልጅነቱ ደረስጌ ለትምህርት ተልኮ ዜማው አልገባ ሲለው፣ የኔታ ብራና እንዲፍቅ አዘዙት። ብራናው ቀለም አስወደደው፣ ቀለሙም ሥዕል። ወደ ቀንድ የገባው ዳባት ገበያ ላይ አንድ ሰው የበሬ ቀንድ በእሳት አለስልሶ ዋንጫ ሲያወጣ አይቶ ነው፤ ዋንጫ ሊገዛ ሄዶ ሞያውን ሊማር እዚያው ቀረ። ከቀንድ ወደ ኮርቻ፣ ከኮርቻ ወደ ሱፍ ባና ሽመና፣ ከሽመና ወደ መኪና ሥዕል ተሻገረ። ጎረቤቶቹ «እግሩ ካለበት እጁ የለም» ይሉታል። እሱ ግን አንዱንም የተወ አይመስለውም። በባናው ዳር የሚጥለው ጥልፍልፍ ከብራናው ጌጥ፣ ከሐረጉ፣ የመጣ ነው፤ የኮርቻውን ቆዳም የሚወጥረው የየኔታን ብራና እንደ ወጠረው ነው። እጅ አይረሳም፤ የሚይዘውን ዕቃ ይለዋውጣል እንጂ።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ ይህ ፍልስፍና አይዋጥላትም። «ሞያህ ሰባት፣ እራታችን ሽሮ!» ትለውና ራሷ ቀድማ ትስቃለች።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲቃረብ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። በመንገድ ዳር ያሉት የሥራ ክፍሎች ለእደ ጥበብ ማኅበር አባላት ብቻ እንዲሰጡ ተወሰነ። አሻግሬ ከሊማሊሞ የሚወጡትን መኪናዎች እያየ የሚሠራባት ክፍልም ከእነዚያ አንዷ ናት። አባል ልሁን ሲል ሸማኔዎቹ «እሱ ቀንድ ጠራቢ ነው» አሉ፤ አናጢዎቹ «ሸማኔ ነው» አሉ። ማንጠግቦሽም «ቀንዱንም ሱፉንም እቤቴ ታስገባና እኔ ደጅ እወጣልሃለሁ!» ብላ ቁርጡን ነገረችው።

የበዓሉም የማኅበሩም ኃላፊ ጓድ ኪዳነ ማርያም ነበር። ወጣት ነው፤ ከሰው ፊት ሲሆን ድምፁን ያወፍራል። አሻግሬን አስጠርቶ ሦስቱ ጢማም የሶሻሊዝም አባቶች የታተሙበትን ወረቀት ሰጠው።

«አያ አሻግሬ፣ መንገዱ ላይ ለሚቆመው ቅስት እነዚህን ይሣሉልን። ካማረ ክፍሉ የርስዎ ነው። ካላማረ ግን በየትኛው አፌ እከራከርልዎታለሁ?»

አሻግሬ በሰፊ አቡጀዲ ላይ ሣላቸው፤ በሚያውቀው መንገድ፣ በክብር፣ ፊት ለፊት፣ ዓይናቸውን ጎላ ጎላ አድርጎ። ቀለሙ ይድረቅ ብሎ ደጅ ሰቀለው። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ባልቴት አየችና ነጠላዋን አጣፍታ እጅ ነሳች።

«አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ! እንኳን ለዚህ አበቃችሁን!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ኪዳነ ማርያም እልልታውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «አያ አሻግሬ፣ ጉድ ሠሩኝ! ወረቀቱ ላይ እኮ ያሉት በጎን ነው!»

«በጎን ብሥላቸውማ በአንድ ዓይን ሊቀሩ ነው። በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ጠፋዎት?»

ኪዳነ ማርያም መች ይጠፋዋል። እሱም የደረስጌ ልጅ ነው። እናቱ አዝላው የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እያሳየች፣ ሁለት ዓይን ያለው ጻድቅ፣ በጎን የተሣለው ባለ አንድ ዓይኑ ሰይጣን መሆኑን ነግራዋለች። ሳቅ አመለጠውና በመዳፉ አፈነው።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሰው ይሰማል!» አለ ግራ ቀኙን እያየ። «ፊት ለፊት ሲሆኑ ቅዱሳን፣ በጎን ሲሆኑ አጋንንት። እኔ በየት ልውጣ?»

«እርስዎስ መውጫ አያጡም። ከክፍሉ የምወጣው እኔ!»

አሻግሬ በዚያ ቀን ምሳው አልበላ አለው። ማንጠግቦሽ ጠላ በቀንድ ዋንጫ ቀድታ ሰጠችው። ዋንጫው ላይ ድሮ የቀረጻት ርግብ አለች፤ በጎን ናት፣ አንድ ዓይኗ ይታያል። ዋንጫውን አዞረው። ሌላው ዓይኗ በዚያ በኩል አለ። ያኔ ርግቧን ሲቀርጻት አንድ ዓይን ጎደላት ብሎ አልተጨነቀም ነበር፤ ዋንጫ ይዞራላ!

«ጠላው ዝንብ ገባበት?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ዓይን ነው የገባበት!» ብሎ ሳይጠጣው ወጣ።

በቀጥታ የሄደው ጠይብ ከሚባል ሰው ዘንድ ነው። ጠይብ አዲ አርቃይ እየተመላለሰ የሚነግድ ወዳጁ ነው፤ በመኪናው ጎን ያሉትን ዋልያዎች የሣለለት አሻግሬ ነው።

«ባዶ በርሜሎች ስጠኝ።»

«ደግሞ ቆርቆሮ ጀመርክ?» ጠይብ ሳቀ። «በል ውሰድ። እስከ ዛሬ ሰው ስሜን እየሰማ ብረት ቀጥቃጭ ነህ ወይ ይለኝ ነበር። ከእንግዲህ ስሙ የኔ፣ ሥራው ያንተ!»

አሻግሬ በርሜሎቹን ሰንጥቆ ዘረጋ። ሦስቱን ራሶች በጎን ቀርጾ አወጣ፤ ቆርቆሮውን ከቆርቆሮ በሽቦ እንደ ኮርቻ ሰፋው፤ በመኪና ቀለም በወዲህም በወዲያም ሣላቸው። ቅስቱ ላይ ሲወጡ ከጎንደር የሚመጣ አንዱን ዓይን፣ ከሊማሊሞ የሚወጣ ሌላውን ያያል።

በበዓሉ ዋዜማ የመስከረም ዝናብ ወረደ። መፈክር የተጻፈባቸው ጨርቆች ሁሉ ቀይ ቀለማቸውን አለቀሱ። ቆርቆሮዎቹ ግን ታጥበው ይበልጥ አማሩ። በነጋታው ገበሬዎቹ ቅስቱ ሥር ቆመው መንሾካሾክ ጀመሩ።

«ባለ አንድ ዓይን ናቸው፣ አላልኳችሁም?» አለ አንዱ።

ሌላው በሥሩ አልፎ ዘወር አለና ጮኸ። «ኧረ ባለ ሁለት ናቸው! ሌላው በዚህ በኩል ነው!»

ይህን የሰማ ሁሉ ሊያረጋግጥ አለፈ፤ ያለፈው ተመለሰ፤ የተመለሰው ጎረቤቱን ጠርቶ እንደገና አለፈ። ለበዓሉ ከጎንደር የመጡት የክብር እንግዳ ሕዝቡ በቅስቱ ሥር እንዲያ ሲመላለስ አይተው የደስታ ሰልፍ መሰላቸው፤ የኪዳነ ማርያምን እጅ ይዘው ወዘወዙ።

እንግዳው እንደ ሄዱ ኪዳነ ማርያም የክፍሏን ቁልፍ ይዞ ወደ አሻግሬ መጣ።

«እንግዲህ አያ አሻግሬ፣ ከማን ጋር ላስገባዎት? ከሠዓሊዎቹ ነው ከቆርቆሮ ሠሪዎቹ?»

አሻግሬ ቀና ብሎ ቅስቱን አየ። «እንደ ቆሙበት ነው፣ ልጄ። ከዚያ በኩል ሲያዩኝ ሠዓሊ፣ ከዚህ በኩል ቆርቆሮ ሠሪ።»

«ከኔ በኩል ደግሞ ሽሮ!» አለች ማንጠግቦሽ ከኋላ።

ኪዳነ ማርያም ሳቀ፤ አሁን በመዳፉ አላፈነውም። አሻግሬ ቁልፉን ተቀበለ፤ ኪሱ ከማስገባቱ በፊት ግን አገላብጦ አየው፤ ብረት መቅረጽ ያን ያህል አያስቸግርም ይሆን እያለ።