ጂፗ የጠጣችው ዘይት

ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ አንዱን ቃል ካንዱ መግጠም አሁንም ያልበኛል። ይህን የተማረ ሰው ቢጽፈው ያምርበት ነበር። ግን የተማሩት ቡልቻን አያውቁትም፣ የሚያውቁት ደግሞ ብዙዎቹ አልፈዋል። እንግዲህ እንዳየሁትና እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፤ የጎደለውን እየሞላችሁ አንብቡልኝ።

ቡልቻ የድሬዳዋ ሹፌር ነበር። ትውልዱ ጨርጨር ነው። መጀመሪያ ሽመን ደፈር፣ ባቡር ኩባንያው ውስጥ፣ ፉርጎ ሲያጥብ ኖረ፤ ጣሊያን ወጥቶ እንግሊዞች ከተማውን በያዙበት ጊዜ ካንድ የጦር ሹፌር አጠገብ እየተቀመጠ መሪ ለመደ። መንጃ ፈቃዱን በጨርቅ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዛል። ሰው ሲጠራው «ሹፌር ቡልቻ» ካላለው ቶሎ አይዞርም። ኩራቱ ይኸው ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚኮራበት ነገርም አልነበረው።

የሚነዳት ጂፕ የሻሚስ ነበረች። ሻሚስ መጋላ ገበያ ውስጥ ስኳር፣ ጨውና አቡጀዲ የምትሸጥ የሱማሌ ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ንግዱን የያዘችው እሷ ነች። ጂፗን ባልየው ከእንግሊዝ ጦር ትርፍ ዕቃ ላይ ገዝቶ ያወረሳት ነው። ቡልቻ ሸቀጡንና ተሳፋሪውን ጭኖ ቢዮ አዋሌና ዋሂል ወደሚባሉት የገጠር ገበያዎች ይወጣል፤ ሲመለስ ቅቤ፣ ማሽላና ፍየል ይዞ ይወርዳል።

የጂፗ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ እንደ ከተማው አሮጌ መኪና ሁሉ የምታድረው ቁልቁለት ላይ ነው፤ አፍንጫዋን ወደ ደቻቱ ወንዝ ደፍታ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎላት። ጠዋት ድንጋዩ ይነሳል፣ ትንከባለላለች፣ ቡልቻ ማርሽ ያስገባል፣ ሞተሩ ያስላል፣ ይነሳል።

ድንጋዩን ከማንሳቱ በፊት ግን ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ይለካል። የመለኪያውን ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ መልሶ ይሰደዋል፣ ያወጣዋል። ዘይቱ ምልክቱ ጋ አልደረሰም። ይጨምራል። በማግስቱም አልደረሰም። አሁንም ይጨምራል። መንገድ ላይ አይለካም፤ ሞተር ሲሞቅ ዘይቱ ሽቅብ ስለሚወጣ ዘንጉ ይዋሻል ብለው ነበር ያስተማሩት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጂፗ ማጨስ ጀመረች። ጭሷ ሰማያዊ ነው፣ ዓይን ያቃጥላል። ካንዴላዋ በጥቀርሻ እየታፈነ ዳገት ላይ ትታነቃለች፤ ቡልቻ ወርዶ እየፈታ በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል። ወፍራም ዘይት ሞከረ፤ እሱንም በላችው። ጋራዥ ያለው ሰውዬ «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት» አለው። መጋላ ላይ ደግሞ መሳቂያ ሆነ። ባቡሩ ድንጋይ ከሰል ትቶ ናፍጣ የለመደው በዚያው ሰሞን ነበርና፣ «ባቡሩ ጭሱን ለቡልቻ አውርሶ ሄደ» ይሉታል።

ሻሚስ መጀመሪያ በቀልድ ነበር የያዘችው።

«ዋርያ ቡልቻ፣ ይቺ መኪና ከግመል ትብሳለች። ግመል እንኳ ጠጥታ ትቆያለች።»

«አርጅታለች አዴ ሻሚስ። ፋሻዋ አልቋል።»

«እኔስ አላረጀሁም? እንዲህ ግን አልጠጣም።»

ቀልዱን ያበላሸው ዲሪር ነው። ዲሪር የሟቹ ባሏ ወንድም ነው፤ ጂፗን ለራሱ ይፈልጋት ነበር ይባላል፣ እኔ እንጃ። አንድ ቀን ሻሚስ ደጅ ቁጭ ብሎ ጫቱን እየቀነጠሰ፣ «ቀፊራ ገበያ ላይ የሞተር ዘይት በጠርሙስ ሲቸረቸር አየሁ» አለ። ከማን እንደሆነ አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም፤ ቡልቻ እዚያው ቆሞ ነበር፣ የተሰበሰበውም ሰው ቀና ብሎ ያየው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሻሚስ የዘይቱን ቆርቆሮ መጋዘን አስገብታ ቆለፈችበት። ጠዋት ጠዋት ራሷ ይዛው ትመጣለች። «እስቲ አሳየኝ» ትለዋለች፤ ቡልቻ ዘንጉን መዝዞ ያሳያታል፤ ጎደሎ መሆኑን በዓይኗ ታያለች፤ በራሷ እጅ ታፈስሳለች። ሌባ ብላ አልጠራችውም። ብትጠራው በወላሂም በመድኃኔ ዓለምም ምሎ በተከራከራት ነበር። ዝም ብላ እያፈሰሰች ዝም ብላ ስትሄድ ግን ምን ይበላት? ሚስቱ ሽታዬ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ ወሬ ማቋረጥ ጀመሩ።

አንድ ቀን ሻሚስ «ዛሬ ዋሂል አብሬ እሄዳለሁ» አለች። ዲሪርም ተከተለ። ወጡ፣ ሸቀጡን አራገፉ፣ ሲመለሱ ቢዮ አዋሌ አጠገብ ከግራር ሥር ቆሙ፤ ቦታው እንደ መደብ የተደላደለ ሜዳ ነው። የአስር ሶላት ደርሶ ነበርና ሻሚስና ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሰገዱ፣ ከዚያም ከገበሬዎች ቅቤ ሲመርጡ ብዙ ቆዩ። ሞተሩ ቀዘቀዘ። ዲሪር ውሃ ልጨምርላት ብሎ ኮፈኑን ከፈተ፤ እጁ አላርፍ አለውና የዘይቱን ዘንግ መዘዘ።

«ኑ እዩ» አለ። «ኧረ ሻሚስ፣ ነይ እዪ።»

ዘይቱ ከምልክቱ አልፎ፣ በጣም አልፎ፣ ወደ እጀታው ተጠግቷል።

«ጠዋት ጎደለ አላለሽም? አንቺስ አላፈሰስሽለትም? አቦ፣ መኪና መንገድ ላይ ዘይት ትወልዳለች እንዴ?» ተሳፋሪው ሳቀ። «አብረሽው ስለመጣሽ ፈራ። የሸሸገውን ደብቆ መልሶ ጨመረው። ሌላ ምን አለ?»

ሻሚስ ወደ ቡልቻ ዞረች። «ቡልቻ፣ ይህ ምንድነው?»

ቡልቻ ዘንጉን ተቀብሎ አየው። ጠርጎ መለሰው፣ አወጣው። ያው ነው። ለራሱም አልገባውም። ጠዋት ጎዶሎ የነበረ ነገር፣ ቀኑን ሙሉ ሲጨስ የዋለ ነገር፣ እንዴት ሞልቶ ይፈሳል?

«አላውቅም አዴ ሻሚስ» አለ።

«ሹፌሩ አያውቅም» አለ ዲሪር።

ድሬዳዋ ተመለሱ። ጂፗን እንደ ወትሮው ቁልቁለቱ ላይ አቁሞ ድንጋዩን ሲያስገባ ሻሚስ አጠገቡ መጣች። «ዛሬ ተናድጃለሁ፤ በንዴት ሰው አላሰናብትም» አለችው። «ነገ ጠዋት ቁልፉን ይዘህ ና።»

ቤቱ ሲደርስ ሽታዬ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር። የቤታቸው ጓሮ ተዳፋት ነው። ቡልቻ የሆነውን ነገራትና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እሷ ልብሱን ልታሰጣ ተነሳች፤ ሳፋው እንዳለ ቀረ። ቡልቻ ዝም ብሎ ሳፋውን ያያል። ውሃው በታችኛው በኩል ከንፈሩ ድረስ ሞልቶ ሊፈስ ነው፤ በላይኛው በኩል ደግሞ የሳፋው ቂጥ ይታያል። ብዙ ጊዜ ያየው ነገር ነው። ያን ዕለት ግን ከተቀመጠበት ተነሳ፣ ሳፋውን ከታች በጠጠር ደግፎ አስተካከለው፣ ውሃው እኩል ሆነ። ጠጠሩን አወጣው፤ ውሃው ወደ ታች ሄደ።

«ምን ነካህ?» አለች ሽታዬ።

«ሽታዬ፣ ዘይቱ አልጎደለም ነበር።»

«እንዴት አልጎደለም?»

«አፍንጫዋን ደፍታ ነው የምታድረው። ዘይቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ዘንጉ ያለው ወደ ኋላ ነው። የጎደለ እየመሰለኝ እጨምራለሁ። ሲበዛባት ጊዜ በፒስተኑ እየወጣ ይቃጠላል። ያጨሰችው ጠግባ ነው።» እጁን ተመለከተ። «እኔ ነኝ ያጠጣኋት።»

ሽታዬ ሳቅ ሊመጣባት ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። «እንግዲያ ተገላገልክ። ሄደህ ትነግራታለህ።»

«ምን ብዬ? እስከዛሬ ዘይት መለካት አላውቅም ነበር ብዬ? በዲሪር ፊት? ሌባ የተባለ ሹፌር ሌላ አገር ሄዶ ይቀጠራል። ዘይት መለካት አያውቅም የተባለን ማን መኪና ይሰጠዋል?»

«ልጆቹስ? እነሱም ሌላ አገር ይሄዳሉ? ውሃ ስቀዳ የሚሉኝን እኔ ነኝ የምሰማው።» እርጥቡን ልብስ ገመዱ ላይ ጣለችው። «ያለማወቅ ያልፋል ቡልቻ። ሌላው ስም ግን እኛ ላይ ይቀራል።»

ቡልቻ ሳፋውን ደፍቶ ገብቶ ተኛ። እንቅልፍ ወሰደው ወይ አልወሰደው፣ እሷም አታውቅም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቡልቻ ጂፗ ዘንድ ደረሰ። ኮፈኑን ከፍቶ ጠበቀ፣ ምንም አልነካም። ሻሚስ ዲሪርን አስከትላ ስትወጣ የዋሂል ተሳፋሪዎች መሰብሰብ ጀምረው ነበር፤ ሰዎቹ ሳይመጡ ሊጨርስ ፈልጎ ነበር፣ አልሆነለትም።

ቁልፉን ሰጣት። «አዴ ሻሚስ፣ ዘንጉን በእጅሽ አውጪው። እኔ አልነካም።»

አወጣችው። ከምልክቱ በታች ነው፤ ጎዶሎ።

«ትናንት ሞልቶ አልነበር?» አለች።

«አሁንም ሞልቷል።» ቡልቻ ድንጋዩን አነሳ፣ በመሪው በኩል ትከሻውን ሰጥቶ ሞተሯን ሳያስነሳ ቀስ አድርጎ እስከ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አወረዳት። ሜዳው ላይ ቆመች። ሰዎቹ ሁሉ ተከትለው ወረዱ። «ትንሽ ይረጋ። አሁን ደግሞ አውጪው።»

ሻሚስ መዘዘች። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ወጥቶ በጣቷ ላይ ወረደ። ዘንጉን አየችው፣ ቁልቁለቱን አየችው።

«ቁልቁለት ላይ ነበር የምለካው» አለ ቡልቻ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ግን ተሰማ። «አንዲት ጠብታ አልሸጥኩም። አላወቅኩም እንጂ።»

«ሹፌር ተብሎ» አለ ዲሪር።

«ዝም በል» አለች ሻሚስ። ቀጥላ ለተሳፋሪዎቹ ጮክ ብላ፣ በአማርኛም በሱማሊኛም፣ «ቡልቻ ሌባ አይደለም። ትናንት የሳቀ ዛሬ ይስማ» አለች። ቁልፉን ግን አልመለሰችለትም። በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው።

ቡልቻም አልጠየቃትም። ባዶ ቆርቆሮ አንስቶ በጀርባው አሸዋው ላይ ተኛ፣ ወደ ጂፗ ሆድ ገባ፣ ትርፉን ዘይት ሊያወርድ ከታች ያለውን ብሎን ፈታ። ዘይቱ ጠቁሮ፣ ወፍሮ መጣ። ብዙ እንዳይሄድ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ እየዘጋ እየከፈተ ያወርደው ጀመር። ከላይ እግሮች ይመላለሳሉ። አንዲት ቅቤ ነጋዴ፣ «ዛሬ ታዲያ ማነው የሚነዳው?» ስትል ሰማ።

ቡልቻ ክርኑ ድረስ በዘይት ተለውሶ፣ «ጨርቅ አቀብሉኝ» አለ ከሥር። «አልጨረስኩም።»