ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ልዩ ሁኔታዎች

እማማ ቆይ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ስሙን ያወጡት የሆስፒታሉ የሕፃናት ማቆያ ልጆች ናቸው፤ ልጅ ደግሞ ስም ሲያወጣ ማንንም አያማክርም። ሴትዮዋ አንድ ሕፃን አፉን ከፍቶ ያልተጠበቀ ነገር በተናገረ ቁጥር የያዙትን ማንኪያ ይሁን የሽንት ጨርቅ ባለበት ይተዉና «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» እያሉ ወደ ጠረጴዛው ይንደረደራሉ። ቆይ የሚሉት ልጁን አይደለም። ብዕር እስኪያነሡ ድረስ የሰሙት ቃል እንዳያመልጣቸው የገዛ ጭንቅላታቸውን ነው የሚለምኑት። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ውለው «እማማ ቆይ» አሏቸው፤ እናቶቹ ከልጆቹ ተቀበሉ፤ ከዚያ ወዲያ የደመወዝ ክፍሉ ካልሆነ በቀር እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ጠፋ።

ማቆያው ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ በልብስ ማጠቢያውና በመድኃኒት መጋዘኑ መካከል ያለ ረጅም ክፍል ነው። ድሮ አንሶላ ይከመርበት ነበር፤ አሁን ሠላሳ አንድ ልጅ ይውልበታል። የነርስ ልጅ አለ፣ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ አለ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ልጅ አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እናት ልጇን በር ላይ ታስረክብና ወደ ሥራዋ ትሮጣለች፤ አመሻሽ ላይ መጥታ ትወስዳለች። በመካከል ያለው ቀን፣ ልጁ የሚስቅበትም የሚያለቅስበትም፣ የእማማ ቆይ ነው።

መጻፍ የጀመሩት ከቁጭት ነው። ራሳቸው ሦስት ልጆች አሳድገዋል። የመጨረሻዋ ልጃቸው አድጋ፣ አግብታ፣ ያረገዘች ሰሞን አጠገባቸው ቁጭ ብላ «እማዬ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ምን ምን እል ነበር?» አለቻቸው። እማማ ቆይ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልመጣም። «ወሬ አታቆሚም ነበር» ብቻ አሉ። ሦስት ልጅ፣ ስንትና ስንት ዓመት ሲንጫጫ ኖሮ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልቀረችላቸውም። ያ ነገር አንጀታቸውን በላው። ማቆያው ውስጥ ሲቀጠሩ ታዲያ የሌላ ሰው ልጅ ቃል እንደ ራሳቸው ልጆች ቃል ሜዳ ላይ እንዳይቀር ቆርጠው ገቡ።

አጻጻፋቸው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ የልጁ ዕድሜ፣ ቀጥሎ ከዚያ በፊት የሆነው ነገር፣ መጨረሻ ላይ ቃሉ። ቃሉን አያርሙም፤ አያሳምሩም። «እስቲ ድገመው» አይሉም፤ ድገመው የተባለ ልጅ ተዋናይ ይሆናል ባይ ናቸው። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ የእሱን ቃል ብቻ ለይተው ይገለብጡና በክር ሰፍተው ለእናቱ ይሰጣሉ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የልጇን ጥራዝ መሳቢያዋ ውስጥ አኑራዋለች፤ ወረፋ የሰለቸው ሰው ሲሰድባት ጎንበስ ብላ አንድ ገጽ ታነብና ፊቷ ፈክቶ ቀና ትላለች። ተሳዳቢው በእሱ የሳቀች መስሎት ይብስበታል።

ስህተታቸው አንዲት ናት፤ እሷም የመጣችው ደብተራቸው ያለቀ ሰሞን ከወረቀት እጦት ነው። ጠረጴዛው ላይ በገመድ የታሰረ የዕለት መዝገብ አለ፤ ብዕሩም በገመድ ታስሯል። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ልጅ «በላ»፣ «ተኛ»፣ «ተጸዳዳ» የሚሉ አምዶች አሉት። በስተመጨረሻ «ልዩ ሁኔታ» የሚል ሰፊ አምድ አለ፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። እማማ ቆይ ይህን ባዶ ቦታ ሲያዩት ዋሉ። አንድ ሕፃን ስቅታ ይዞት «ሆዴ ውስጥ ሰው ያንኳኳል፣ ክፈቱለት» ሲል ከዚህ በላይ ምን ልዩ ሁኔታ አለ ብለው እዚያው ጻፉት። ማግስቱን ሌላ ጻፉ። ከዚያ ወዲያ አምዱ ባዶ አድሮ አያውቅም።

አምዱ ግን ለወደቀ፣ ለተቃጠለ፣ ላተኮሰው ልጅ የተሠራ ነበር። በየሦስት ወሩ አንድ የቢሮ ጸሐፊ መዝገቡን ይወስዳል። ጸሐፊው አያነብም፤ ይቆጥራል። የተሞላውን መስመር ቆጥሮ ቁጥሩን ለዋናው መሥሪያ ቤት ይልካል። ዋናው መሥሪያ ቤት የስድስት ሆስፒታሎችን ማቆያ ያስተዳድራል። የአምስቱ ቁጥር ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ ሆኖ መጣ፤ የእነ እማማ ቆይ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የአገሩ አደገኛ ክፍል መባላቸውን ራሳቸው የሰሙት መጨረሻ ላይ፣ ረቡዕ ዕለት በደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን ያነበበችላቸው የማቆያው ኃላፊ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ወጣት። አጣሪ ኮሚቴ ዓርብ ይመጣል፤ ለሁለት መቶ አሥራ አራቱ አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ማቆያው ከሰኞ ጀምሮ ይዘጋል ይላል።

«እማማ፣ ምንድን ነው የጻፉት?» አለቻቸው።

«ልጆቹ ያሉትን።»

«ሁሉንም?»

«ኧረ ምን በወጣኝ፤ ግማሹ አምልጦኛል።»

ቀልድ አልነበረም። እማማ ቆይን ከሥራ ቢያባርሯቸው ግድ አልነበራቸውም፤ ዕድሜም ጉልበትም ሰጥተዋል። ክፍሉ ከተዘጋ ግን ሠላሳ አንድ እናት ልጇን ይዛ የት ትገባለች? የጽዳት ሠራተኛዋ ባል የላት፣ ዘመድ የላት፤ ልጇን የምትጥልበት ሌላ ደጅ የላትም። «በእኔ ብዕር የሰው እንጀራ ሊዘጋ ነው» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ።

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው መጣ፤ ሁለት ሰው ነው። ሰብሳቢው በቀዶ ጥገና ሥራ ጥርሳቸውን የነቀሉ፣ ራሰ በራ ሽማግሌ ዶክተር ናቸው። ጥርሳቸውን ለጥርስ ሐኪም ካልሆነ ለማንም አያሳዩም ይባላል። የኮሚቴው ጸሐፊ ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ ድምፁ ዜና ለማንበብ የተፈጠረ። የኃላፊዋ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ። እናቶቹም የእረፍት ሰዓታቸውን ትተው መጥተው ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለዋል፤ የቢሮው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይሰማል።

እማማ ቆይ ጥያቄ ሳይጠብቁ ቆሙ። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ የብቻዬ ነው። እኔን ያሰናብቱኝ፤ ክፍሉን አይዝጉት።»

«ይቀመጡ» አሉ ዶክተሩ። «ልዩ ሁኔታ ተብሎ የተመዘገበ ሁሉ አንድ በአንድ ይነበባል። አደጋ፣ ሕመም ወይም ሌላ ተብሎ ይመደባል። ደንቡ ይኸው ነው። ያንብቡ።»

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ተራ ቁጥር አንድ የስቅታው ልጅ ነበር፤ ተነቦ «ሌላ» ተባለ። «ተራ ቁጥር ሁለት። ዕድሜ ሦስት ዓመት። ከምሳ በኋላ እንዲተኛ ሲነገረው፣ ‘እኔ አልተኛም፤ ዓይኔ ገና አልጠገበም’ አለ።»

«ሌላ» አሉ ዶክተሩ።

«ተራ ቁጥር ሦስት። ዕድሜ አራት። አባቷ ምን እንደሚሠራ ስትጠየቅ፣ ‘ማታ ማታ ዘበኛ ነው፤ ቀን ቀን እንቅልፍ ነው’ አለች።»

«ሌላ።»

«ተራ ቁጥር አራት። ዕድሜ አራት ከመንፈቅ። አዲስ የተወለደ ወንድሙን አይቶ በመጣ ማግስት፣ ‘ጥርስም የለው፣ ፀጉርም የለው፤ ሳያልቅ ነው ያመጣችው’ አለ።»

ከጣውላው ማዶ አንዲት እናት ሳቋን አፈነች፤ የራሷ ልጅ ነው። ጸሐፊው የዜና ድምፁን እንደ ጠበቀ ቀጠለ፤ ይህ ነበር ነገሩን ያባሰው። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ነገ አምስት ዓመት ይሞላሻል የተባለች ልጅ «ታዲያ አራቷን ለማን ልስጣት?» ብላ ተገኘች። ሃያ ስድስት ላይ የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ ያየ ሕፃን «ፀጉሩ ሥራ ሄዷል» ማለቱ ተነበበ። ዶክተሩ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ሄደ፤ ከመንገድ መለሱት። «ሌላ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ስልሳ ላይ ጸሐፊው ራሱ ውሃ ጠየቀ። መቶ ላይ የኮሪደሩ እናቶች መደበቁን ትተው ይስቁ ነበር። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ? ያን ቀን ብስሉም ጥሬውም በቃለ ጉባኤ ገባ።

እማማ ቆይ ብቻ አልሳቁም። «ሌላ» በተባለ ቁጥር አንድ ማስረጃ በራሳቸው ላይ የተጨመረ ይመስላቸው ነበር።

«ተራ ቁጥር መቶ አርባ ሦስት» አለ ጸሐፊው፤ ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም። «ዕድሜ አራት ዓመት። ኳሱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገብቶበት ሊያወጣ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ‘ግድግዳው ይነክሳል’ አለ። እጁን አየሁ፤ ምንም የለም። ግድግዳውን ግን አላመንኩትም። ልጆቹን በሙሉ ወደ ግቢ አወጣሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ...» ድምፁ ቀነሰ። «መጥቶ ከልብስ ማጠቢያው የሚመጣ ውሃ ግድግዳውን እንዳራሰው፣ ውስጥ ያለው ሽቦ እንደተላጠ፣ ግድግዳው ኤሌክትሪክ እንደያዘ ነገረኝ። መብራት አጥፍቶ ሠራው። ኳሱም ወጣ።»

የሚስቅ ጠፋ። ኃላፊዋ ያን ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ዶክተሩ መዝገቡን ከጸሐፊው እጅ ወስደው ራሳቸው አነበቡት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ የልጁ እናት። ሰማያዊ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች ማንንም ሳታይ ሄዳ የእማማ ቆይን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «የኔ ልጅ ነው አይደል? ለምን አልነገሩኝም?»

«ማታ ልነግርሽ ነበር፣ ልጄ። ስትስቂ እያቀፍሽው አየሁና አንጀቴ አልችል አለኝ።»

ሴትዮዋ ግንባሯን በእማማ ቆይ ትከሻ ላይ አሳረፈች። እማማ ቆይም ከረቡዕ ጀምሮ የያዙትን እንባ ለቀቁት።

ጸሐፊው ብዕሩን እንዳንጠለጠለ ጠየቀ። «ዶክተር፣ ይህን ምን ልበለው? አደጋ፣ ሕመም ወይስ ሌላ?»

ዶክተሩ መዝገቡን መለሱለት። «አደጋ አልደረሰም። ሌላም አይባልም» አሉ። «‘የዳነ ሕፃን’ ብለው ይጻፉ።» ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞሩ። «ከሌሎቹ ክፍሎች ዜሮ ሲመጣልን እናመሰግናቸው ነበር። ሠላሳ ልጅ የሚውልበት ክፍል ሦስት ወር ሙሉ ምንም የለም ሲል፣ ልጅ የለም ማለት ነው፤ ልጅ ካለ ደግሞ ሰሚ የለም ማለት ነው። ማቆያው አይዘጋም። እኚህ ሴትም ከመዝገቡ ጋር ወደ አምስቱ ክፍሎች ሄደው እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያሉ። ዜሮ የጻፈ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይማር።»

ኮሪደሩ በአንድ እልልታ ተናጋ። አንዲት የቀዶ ጥገና ነርስ መጥታ በሽተኛ አለ ብላ ተቆጣች፤ ምክንያቱን ሲነግሯት እሷም አብራ እልል አለች። እማማ ቆይ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «የቀሩት ሰባ አንዱስ?» አሉ፤ ሥራ ጅምር ላይ ሲቀር አይወዱም። ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩና «ይነበቡ እንጂ» አሉ። ቢሮው በሩን ሳይዘጋ፣ እናቶቹም ገብተው ግድግዳ ተደግፈው፣ ሁሉም ተነበቡ። ዶክተሩ ተራ ቁጥር መቶ ዘጠና ላይ ሲስቁ ያየ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ እንደወትሮው ተከፈተ። ዶክተሩ የውሳኔውን ደብዳቤ በፖስታ መላክ ሲችሉ ራሳቸው ይዘው መጡ። በር ላይ እንደቆሙ እናቷ ገና አስረክባት የሄደች የሦስት ዓመት ልጅ መጣችና አንጋጣ አየቻቸው። በእሷ ዕውቀት ጠዋት እዚህ በር ላይ የሚቆም ሁሉ እናቱ ያመጣችው ነው።

«አንተ፣ እናትህ የት ናት?» አለቻቸው።

ዶክተሩ እንደምንም ጎንበስ አሉ። «እናቴ የለችም፤ ድሮ ነው የሞተችው።»

ልጅቷ ነገሩን አሰበችበት። «ታዲያ ማታ ማን ይወስድሃል?»

መልሳቸውን ግን አልጠበቀችም። «ከኔ ጋር ትሄዳለህ» አለች፤ «እናቴ ሁለት እጅ አላት።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ። «ይህን ይጻፉልኝ» ሊሉ ዞሩ። እማማ ቆይ ቀኑንና ዕድሜውን ጨርሰው፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ እየጻፉ ነበር። ቃሉ እስኪያልቅ ዶክተሩ አጠገባቸው ቆመው ጠበቁ፤ ከሥሩ እንደ ምስክር ፈረሙበትና አንድ ግልባጭ ይዘው ሄዱ።