ሰፈርተኞቹ ያሸነፉባቸው እሁዶች

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ ጀርባ ከምትገኘው ትንሽ ሜዳ የዳኛ ፊሽካ ይሰማል፤ ተከትሎም የጥቂት ወላጆች ጭብጨባ ይመጣል፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ ሲያጨበጭብ የሚያወጣው ያ የታፈነ ድምፅ። እዚህ ሜልበርን ዳር፣ ትሩጋኒና ቤት ከገዛን ጀምሮ ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መስኮቱን እዘጋለሁ። ባለቤቴ «ኳስ ደግሞ ሰው ያስፈራል እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ በልጅነቱ በየእሁዱ የኖርዌይ እግር ኳስ እያስጨነቀው አላደገም።

አባቴ በዓለም ላይ አንድ ወንድም ብቻ ነበረው፣ ታደሰ የሚባል። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተባቸው ያሳደገው አባቴ ነው፣ ስለዚህም አጎቴ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳን «ጋሼ» እና «አንቱ» እያለ ነበር የሚያናግረው። ስደት ከሱዳን አንዱን ወዲህ ሌላውን ወዲያ በትኗቸው፣ አባቴን ሜልበርን፣ አጎቴን ደግሞ ከኦስሎ ወጣ ብላ በጥድ የተከበበች ሰፈር ውስጥ ጣላቸው። በመጀመሪያው ክረምት፣ ሰው ሳያውቅ፣ ቋንቋ ሳያውቅ፣ ክፍሉ ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ በሩን አንኳኩቶ አካፋ አስጨበጠውና ወደ ሰፈሩ ኳስ ሜዳ ወሰደው፣ ሰዉም ተሰብስቦ በረዶ ሲጠርግ አገኘ። ያን ቀን ለአባቴ ደውሎ «ጋሼ፣ እነዚህም ደቦ አላቸው» አለው። ከዚያ ወዲያ የክለቡ ሰው ሆኖ ቀረ፣ የሜዳውን መስመር ይቀባ፣ ማልያ ይሰበስብ፣ ከእንጨት በተሠራችው የክለቡ ቤት ከአሮጊቶቹ ጋር ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ይሸጥ ነበር።

የክለቡ ስም ለአባቴ ምላስ ስላልታዘዘለት «ሰፈርተኞቹ» ብሎ ሰየማቸው። አጎቴ ታሪካቸውን እንደ ትውልድ ሐረግ ነበር የሚቆጥረው፤ ሰፈሩ ውስጥ ወረቀት ፋብሪካ እንደነበረ፣ ክለቡን የመሠረቱት የፋብሪካው ሠራተኞች እንደሆኑ፣ አንድ ዘመን ከትልቁ ሊግ አንድ እርከን ብቻ ቀርቷቸው እንደነበርና ሽማግሌዎቹ ያን ዘመን እስከ ዛሬ እያነሱ እንደሚያለቅሱ፣ ከዚያ ፋብሪካው ሲዘጋ እነሱም መውረድ እንደጀመሩ፣ ወርደው ወርደው መሬት ሊነኩ ሲሉ ደግሞ የስደተኛ ልጆች፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ ኩርዱ፣ መጥተው እንደደገፏቸው ይነግረን ነበር። እናቴ ድስቷን እያማሰለች ስለ አባቴ «ጉድ ነው፣ የጎረቤታችንን ስም ያልያዘ ሰውዬ የኖርዌይ በረኛ ስም ያዘ» ትል ነበር።

እዚህ አውስትራሊያ ወቅቱ ተገላቢጦሽ ስለሆነ የእኛ በልግ የእነሱ ፀደይ ነው፣ ውድድሩም ያኔ ይጀመራል። እኔ አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ሰፈርተኞቹ አንድ እርከን አድገው ነበር፣ አጎቴም «ዘንድሮ ጭንቁ አለመውረድ ነው» ብሎ አስጠነቀቀን። በየእሁዱ ያኔ በምንኖርበት ሰፈር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ ገና ጠዋት ነበር፣ አጎቴም ሜዳው ዳር ቆሞ ይደውል ነበር። አባቴ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እኔ የቤት ሥራዬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ከአጎቴ ድምፅ ጀርባ ደግሞ የሕፃናቱ ቡድን የሚጫወትበት ፊሽካና የጓንት ጭብጨባ ይሰማ ነበር። የቅዳሜውን ጨዋታ ከሀ እስከ ፐ ይተርክልን ነበር፤ በተለይ ከተሸነፉ አያድርስ ነው፣ ዳኛውን ረግሞ፣ ተከላካዩን ረግሞ፣ ዋፍሉ እንዴት እንዳረረ ሳይቀር ነግሮን፣ እናቴ «ወጡ ቀዘቀዘ» እስክትል አይዘጋም ነበር።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቀታም ነኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የእናቴ አባት አዲስ አበባ ሲሞቱ፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ አውቆ እሷ ብቻ ሳትሰማ ሳምንታት አልፈዋል፤ ደውላ «አባባ እንዴት ናቸው?» ስትል «ደህና ናቸው፣ ቤተክርስቲያን ሄደዋል» ይሏት ነበር፣ እሷም ደስ ብሏት ትዘጋው ነበር። ከዚያ አንድ ማለዳ የአረጋውያን ማቆያውን ዩኒፎርም ለብሳ ወደ ሺፍት ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ፣ ስትከፍተው ጥቁር የለበሱ የቤተክርስቲያን ሰዎች ደጃፉን ሞልተውት ነበር፣ እናቴም እነሱ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ገና መሬት ላይ ቁጭ አለች። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ደንቡ ነው። እኔ ግን ከዚያን ማለዳ ጀምሮ ትልልቅ ሰዎች «ደህና ነው» ሲሉ ማመን አቃተኝ፣ ጠዋት በር ሲንኳኳም ማንም እንዳይከፍተው እለምን ነበር።

የእኛ ክረምት ገብቶ እዚያ በጋ ሲሆን፣ አንድ እሁድ አጎቴ ደወለና «አሸነፍን ጋሼ» አለ።

«እሰይ። ስንት ለስንት?»

«ሁለት ለአንድ።»

«ማን አገባ?»

«ያው ልጆቹ ናቸዋ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ልጅቷስ?»

ይኸው ነበር፤ ዳኛም አልተረገመ፣ ዋፍልም አላረረ። ከጀርባው ፊሽካ አልነበረም፣ ጭብጨባም አልነበረም፣ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ብቻ፣ አንዲት ሴትም በዚያ ቋንቋ ዝግ ብላ የምትናገረው ነገር ይሰማ ነበር። በሚቀጥለው እሁድም እንደዚያው አሸነፉ፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ለሽንፈት ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሰው ለድል ሁለት ቃል ሲበቃው አላማረኝም።

አጎቴ የላከልኝ ቀይ ስካርፍ ነበረኝ፣ የክለቡ ስም የተጠለፈበት። እሱን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ሰኞ ለምሳ ስንወጣ የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ገባሁና ስሙን ፊደል በፊደል ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፍኩት፣ በሆዷ መስመር የተሰመረባትን ኦ ከየት እንደማመጣትም የላይብረሪዋ ሴትዮ አሳየችኝ። ቋንቋውን አልችልም፣ ቁጥር ግን የትም ቁጥር ነው። አጎቴ ሁለት ለአንድ አሸነፍን ባለበት ቅዳሜ አራት ለዜሮ ተሸንፈዋል። በሚቀጥለውም ተሸንፈዋል፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በእኛ ቤት ከውሸት የባሰ ኃጢአት አልነበረም። ክፍል ገብቼ ስቀመጥ ግን ያቺ የምትከፈትና የምትዘጋ በር ትዝ አለችኝና ንዴቴ ፍርሃት ሆነ።

ለአባቴ ልንገረው አልንገረው እያልኩ ያ ክረምት አለቀ። ብነግረው አንድ ነገር ሊፈርስ ነው፣ ዝም ብል ደግሞ እናቴ ላይ የደረሰው ሊደርስበት ነው። ሰኞ ሰኞ ላይብረሪ እገባለሁ፣ እሁድ እሁድ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ሰፈርተኞቹ እዚያ በተሸነፉ ቁጥር በእኛ ወጥ ቤት ያሸንፉ ነበር። አባቴም «እሰይ» ይልና ስልኩን ዘግቶ፣ እራት ሲቀርብ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ይነሳ ነበር። እኔ ግን የራሴ ፍርሃት ስለበዛብኝ የእሱን አላየሁለትም።

የፕለም ዛፋችን ማበብ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከአልጋዬ ዘልዬ ሮጬ እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ ማንም እንዳይከፍተው ተንጠለጠልኩበት። እናቴ «ምን ነካሽ? ልቀቂው እንጂ» እያለች ስትጎትተኝ ዞር ብዬ አባቴን አየሁት፤ የሸሚዙን ቁልፍ ግማሹን ቆልፎ፣ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የመጣው ጎረቤታችን ነበር፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያችን መንገድ ላይ ወድቋል ሊለን። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ሰፈርተኞቹ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበሩ፣ የመጨረሻውን ቢያሸንፉ እንኳን ከመውረድ አይድኑም ነበር። በዚያ እሁድ አጎቴ ደወለና በሁለት ሳል መሃል «ተረፍን ጋሼ፣ አልወረድንም» አለ።

አባቴ «ተመስገን። በል እንግዲህ፣ ራስህን ጠብቅ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። «አባዬ፣ ወርደዋል» አልኩት። በእንግሊዝኛ ነበር ያልኩት፤ አስፈሪ ነገር በእንግሊዝኛ ሲባል ቅልል የሚል ይመስለኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለኝ።

አባቴ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ አብሮት ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ የሚነዳ አንድ ልጅ ነበር፣ ሰኞ ሰኞ በሻይ ሰዓት ውጤቱን ከስልኩ እያየ የሚነግረው። «ከመጀመሪያዋ ‹አሸነፍን› ጀምሮ ነው የጠረጠርኩት» አለ አባቴ፣ «ታዴ አሸንፎ ወሬው እንዲህ አያጥርም። አልጋ ካልያዘው በቀር ደግሞ ከሜዳው አይቀርም።»

«ታዲያ ለምን አትጠይቀውም?»

«ብጠይቀው ስለ ራሱ ሊዋሸኝ ነው። አሁን የሚዋሸኝ ስለ ኳስ ነው። የኳሱን እችለዋለሁ።» አባቴ ወደ ኖርዌይ ለመሄድ ቪዛ ከጠየቀ ሁለት ወር አልፎታል፣ ከሥራም ፈቃድ ወስዷል፣ ለእኔ እንዳትነግር እናቴን አስምሏት ነበር። ከዚያ ድንገት ዞር ብሎ አየኝና «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ነው የተሸከምሽው?» ሲለኝ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሱም አለቀሰ፣ አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ቪዛው የመጣው የእኛ በጋ ሲገባ ነው። አባቴ የእኔን ቀይ ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሄደ። የሆስፒታሉን ክፍል በር ሲከፍት አጎቴ ከትራሱ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ማን ነገረዎት?» አለው አሉ። አባቴም «ሰፈርተኞቹ» ብሎ መለሰለት። ያን የኖርዌይ ክረምት አብረው ከረሙ። የበረዶ ጠረጋው ቀን ሲደርስ አባቴ በወንድሙ ፈንታ አካፋ ይዞ ወጣ፣ አጎቴም አዲሱ ውድድር ሳይጀመር አረፈ። አባቴ ይህን የነገረን ራሱ ደውሎ ነው። እናቴ «መርዶ በስልክ? ምነው ደንብ አታውቅም?» ብላ እያለቀሰች ተቆጣችው፣ እሱ ግን «ከእንግዲህ እኛ ቤት ምንም አይደበቅም» አለ። ይህን ቃሉን ዓመታት ጠበቀው።

አሁን እሱና እናቴ እዚሁ ሜልበርን ዳር፣ ሜልተን ይኖራሉ። እሁድ ማታ የምደውለው እኔ ነኝ፣ ውጤቱን የሚነግረኝ ደግሞ እሱ ነው። ሰፈርተኞቹ ከዚያ ወዲህ አንዴ አድገው ሁለቴ ወርደዋል፣ አባቴም እንደ ወንድሙ ዳኛውን ረግሞ፣ ተከላካዩን ረግሞ፣ ልጆቼ «ማም፣ ዲነር» እያሉ እስኪጮሁ ያወራል። ባለፈው እሁድ ደወልኩለት።

«አሸነፉ» አለኝ።

«ስንት ለስንት?»

«ሁለት ለአንድ። መኪናሽ ሰርቪስ ተደረገች?»

ስልኩን ዘግቼ ውጤቱን ለማየት ላይብረሪ መግባት አላስፈለገኝም፣ እዚያው እጄ ላይ ነበር። ሦስት ለዜሮ ተሸንፈዋል። ያኔ አባቴ ወንድሙ ዘንድ ለመድረስ ቪዛ፣ ፈቃድና የአንድ ክረምት ትዕግሥት አስፈልጎት ነበር፤ በእኔና በእሱ መሃል ያለው ግን አንድ ፍሪዌይ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ብቻ ነው። ፍርሃቴ ግን መንገድ አይለካም፣ ያኔ እጀታው ላይ እንደተንጠለጠልኩት ነበር የሆንኩት። ለባለቤቴ «ልጆቹን አስተኛቸው» ብዬ የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ።

በሩን ራሱ ነው የከፈተልኝ፣ ቀስ ብሎ፣ በአንድ እጁ ደረቱን ይዞ። ለመጨረሻ ጊዜ ካየሁት ወዲህ ከስቷል። ከጀርባው እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። አባቴ እጄ ላይ የያዝኩትን የመኪና ቁልፍ አየ።

«ማን ነገረሽ?»

ስንት ለስንት እንደተሸነፉ ነገርኩት።