ሎሚና ሶዳ

እኛ ከቡታጅራ ዝቅ ባለው ሜዳ፣ የጉድጓድ ውሃ ጠጥተን ነው ያደግነው። የዚያ ውሃ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ነው። እዚያ ሳለን ማንም ማንንም አያይም ነበር፤ ከተማ ስንገባ ግን ታየብን።

ትምህርት የጀመርኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከሕፃናት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ነው። ማንበብ ስችል የታተመ ነገር ሁሉ እውነት መሰለኝ። አንድ ቀን ስኳር በተጠቀለለበት የመጽሔት ቅዳጅ ላይ ጥርስን በቤት ውስጥ ስለማንጣት አነበብኩ፦ የሎሚ ጭማቂና የመጋገሪያ ሶዳ፣ በሳምንት አንዴ።

ታናሽ እህቴ ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ እናት በወሩ መጨረሻ ሊያዩዋት ይመጣሉ። በሳምንት አንዴ አይደርስልንም ብዬ በቀን ሁለቴ አደረግኩት። ሶዳውን በማንኪያ አፍ ልክ እለካለሁ፤ ቀኑን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

«እትዬ፣ ጥርስ ነው ድስት የምትፈትጊው?»

«ዝም በይና አፍሽን ክፈቺ።»

«ዝም ብዬ እንዴት ነው የምከፍተው?» ሳቀች። ያን ጊዜ ገና አፏን ሳትሸፍን ትስቅ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ነጣ አለ። ግን እንደ ጠመኔ፣ ወዝ የሌለው ንጣት ነው፤ ቡናማው ከሥሩ አለ። ነፋስ ሲነካት ጉንጯን መያዝ ጀመረች።

«ይተውሻል» አልኳት። «ለማንም እንዳትናገሪ፤ መሳቂያ ያደርጉሻል።»

የልጁ እናት መጡ። ከቀረበላቸው ብርዝ ተጎነጩና፣ ልጄ ብያታለሁ ለማለት፣ ዋንጫውን በእጃቸው ለእህቴ ሰጧት።

«ቢስሚላህ በይ፣ ልጄ።»

ብርዙ ቀዝቃዛ ነው፣ ማሩም በዝቷል። እህቴ ተጎነጨች፤ ፊቷ ተኮማተረ፤ የያዘችውን መልሳ ዋንጫው ውስጥ ተፋችው።

ሴትዮዋ ዋንጫውን አዩት። «ከንፈሬ የነካውን ከዛሬው ከተጸየፈች፣ ሳረጅባትስ እንዴት ልታደርገኝ ነው?» ብለው ተነሡ።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፦ «ጥርሷን ያሳመምኳት እኔ ነኝ።» አፌን ሞላው፤ አልወጣም። እሷም አልተናገረችም፤ እንዳትናገሪ ብያታለሁና።

እጮኝነቱ በዚያው ቀረ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ቀለሙ ያለው ጥርሱ ላይ ሳይሆን ውስጡ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ፈትጌ ያነሣሁት መከለያውን ነው።

እህቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። አሁንም ልጠይቃት ስሄድ የምትጠጣውን ውሃ ቀድታ ፀሐይ ላይ ታስቀምጣለች። ለብ እስኪል አብረን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።