ምላጩ የሚነሳበት ሰዓት

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ስም አያውቅም። ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ትከሻው ላይ ሊቀደድ የደረሰ ጠባብ ማሊያ ለብሶ ጢሙን ሊላጭ ይመጣል። ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል ወሬውን ይጀምራል።

«ዳኛው ነው ጉድ የሠራን። የዘንድሮ ዘፈንም ጩኸት ብቻ ሆነ። ጦርነቱ እንደሆነ ሳምንት አይሞላም፣ ያበቃል።»

ይህን ማለት ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው።

ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ግን ሰውየው ጸጥ ይላል። አስተካካዩም ምላጩን ከጉሮሮው ላይ ያነሳል፤ አንዴ ዘንግቶ ሳያነሳ ቀርቶ፣ ሰውየው ሲደነግጥ ቆርጦታል።

ዛሬም ከግንባር የተነገረው የሟቾች ቁጥር ብቻ ነው፣ ስም የለም። ሰውየው ትንፋሹን ለቀቀ።

«ጋሼ፣ ኳስ ግን እንዴት ይወዳሉ» አለው አስተካካዩ፣ ሊያረጋጋው ብሎ።

«እኔ? ኳስ መቼ ወድጄ አውቅና» አለ ማሊያውን ወደ ታች እየጎተተ። «ይሄም የልጄ ነው። ሲመጣ ማን አሸነፈ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ምን እለዋለሁ?»