የአደይ ለተብርሃን ባዶ የፖስታ ሳጥን

ኤርትራዊቷ ጎረቤቴ አደይ ለተብርሃን ዳሌያቸውን በቀዶ ሕክምና ካስቀየሩ ሁለት ወር ሆናቸው፤ እየተሻላቸው ነው። በርገን ከተማ የምትኖረው ልጃቸውም መጥታ አስታማቸው ተመልሳለች።

ዛሬ ልጠይቃቸው ስገባ ግን ፊታቸው ጠቁሯል። ምነው ስላቸው "ሰው ረሳኝ፣ ፖስታ እንኳ አይመጣልኝም" አሉኝ።

ገረመኝና ደግፌያቸው ደረጃውን ወረድን። ሳጥናቸው ላይ "ማስታወቂያ አንፈልግም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የለጠፈችው ልጃቸው ናት፣ ቤቱ በወረቀት እንዳይሞላ ብላ።

"አደይ፣ የቀረብዎት እኮ ማስታወቂያ ነው።"

"ታዲያስ? ድሮ ከመሥሪያ ቤት ይመጣል፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ይመጣል፣ ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ይመጣል። ጡረታ ስወጣ የሆስፒታል ቀጠሮና የሥጋ ቅናሽ ማስታወቂያ ብቻ ቀረኝ። አሁን ቅናሹንም ከለከለችኝ። ምን አገኛለሁ ብዬ ልውረድ?"

ያኔ ገባኝ። ሐኪሙ በየቀኑ ደረጃ ይውጡ ይውረዱ ብሏቸዋል። እሳቸውን ያስወርዳቸው የነበረው ግን የሥጋ ቅናሹ ነው። ይኸው ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጡም።

ወረቀቱን በጥፍሬ ላጥኩት። ልጅቷ ብትቆጣ እኔን ትቆጣ።

እግረ መንገዴን የራሴን ሳጥን ብከፍት የመስሚያ መሣሪያ ማስታወቂያ፣ ያውም በስሜ። ገና ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ማን ነገራቸው?

ሳነብላቸው አደይ ሳቁ። "አይዞሽ ልጄ፣ የእኔም እንዲሁ ነው የጀመረው።" ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ብቻቸውን ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

እስኪ ንገሩኝ፣ እናንተ ጋ ጡረታ የወጣውን ሰው ከቤት የሚያስወጣው ምንድን ነው?