የቀሪ ሂሳቧ ሴትዮ

ሴትዮዋ አዲስ ፈጠራ ወደሚመዘገብበት ፓተንት ቢሮ የገባችው የገዛ ቤቷ የገባች ያህል ነው። ግራጫ ሹራቧን ወንበሩ ላይ ሰቀለች፤ ከያዘችው ጠርሙስ ውሃ ተጎንጭታ ጉሮሮዋን አረጠበችና ከመርማሪው ፊት ተደላድላ ተቀመጠች። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ ግን በዚያ ሙቀት እንኳ አልፈታችውም።

«ሰው የስልክ ሂሳቡ ምን ያህል እንደሄደና ምን ያህል እንደቀረ፣ የትም ሳይደውል እዚያው ስክሪኑ ላይ የሚያይበት ዘዴ ነው» አለች።

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ድምጿን ያውቀዋል። ማን የማያውቀው አለ! ሂሳቡን ለመጠየቅ የደወለውን ሁሉ «ቀሪ ሂሳብዎ» እያለች ስታረዳ የኖረችው እሷ ናት። እሱ ራሱ ስንቴ «ወይ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘግቶባታል።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አላት አፈር ብሎ።

«ነኝ። አትፈር ልጄ፣ የማይሰድበኝ የለም።»

«ይሄ ከተሠራ እኮ እርስዎን የሚሰማ አይኖርም።»

«ታናሽ እህቴ ታማ ጆሮዋ አልሰማ ካለ ወዲህ ሂሳቧን የምታውቀው ጎረቤት ለምና ነው። አገር ምድሩ ሲሰማኝ እሷ አትሰማኝም። ታዲያ እኔ ዝም ብዬ እሷ ብታነበው አይሻልም?»

መርማሪው ማመልከቻውን ተቀበላት። ምርመራው ጊዜ እንደሚወስድ፣ ውድቅ ሊሆንም እንደሚችል ነገራት።

«ውድቅስ አይሆንም» አለች ሹራቧን እያነሳች። «መጀመሪያ የሞከረችው እህቴ ናት። ቁጥሩን ስታይ፣ ታላቋ መሆኔን ረስታ፣ ‹እስከዛሬ የት ነበርሽ?› ብላ በኩርኩም አለችኝ።»